አንድ ፕሮግረሲቭ ወይስ ሁለት ተራ መነጽር?

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ ተራ በተራ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ፕሮግረሲቭ ላሠራ ወይስ ሁለት መነጽር ይዤ ልዙር?» ፕሮግረሲቭ ማለት በአንዱ ሌንስ ላይ ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለቅርብ፣ ያለ መስመር ቁጥሩ ቀስ እያለ የሚለወጥ መነጽር ነው። ሦስቱም 40ን ተሻግረዋል። ሦስቱም ስልካቸውን የሚያነቡት ክንዳቸው እስከሚደርስበት አርቀው ነው። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ከማስረዳት አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

መልሴን አልደብቅም። ለአብዛኛው ሰው ሁለት ተራ መነጽር ይሻለዋል፤ አንዱ ለሩቅ፣ አንዱ ለቅርብ። ይህን የምለው ፕሮግረሲቭ መጥፎ ዕቃ ስለሆነ አይደለም። በደንብ ከተሠራ ግሩም ነው። በደንብ ለማሠራት ግን ብዙ ገንዘብና ጥንቁቅ ባለሙያ ይጠይቃል። «ፕሮግረሲቭ ነው፣ ግን ረከስ ይላል» የሚባለው ነው እኔን ያቃጠለኝ።

የመጀመሪያዬን የገዛሁት ዋጋ ተከራክሬ ነው። ሐኪሙ የጻፈልኝን ወረቀት ሰጠሁ፣ ደስ ያለኝን ፍሬም መረጥኩ፣ ቀብድ ከፍዬ ወጣሁ። ፊቴ ላይ ማንም ምንም አልለካም። ፍሬሙ ቀጭን ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ያለው ቁመት ትንሽ ነው። ሌንሱ የታወቀ ኩባንያ ምርት እንደሆነም ተነገረኝ።

መነጽሩ ሲደርስ ሩቁ ጥርት ብሎ ታየኝ። ለማንበብ ግን አገጬን ወደ ላይ ማንሳት ነበረብኝ። አሥር ደቂቃ ካነበብኩ አንገቴ ይያዛል። ተመልሼ ስናገር «ይለመዳል» አሉኝ። አንድ ወር ጠበቅኩ። አልተለመደም።

በመጨረሻ ወደ ሌላ ባለሙያ ሄድኩ። ሰውዬው መነጽሩን ተቀብሎ ሌንሱ ላይ እፍ አለበት። እንፋሎቱ ሲያርፍበት ሁለት ትንንሽ ክቦች ብቅ አሉ፤ ዓይኔ ሥር የነበሩ፣ ግን አይቻቸው የማላውቃቸው። ፕሮግረሲቭ ሌንስ ላይ እነዚህ ምልክቶች ይቀረጻሉ። በመካከላቸው 34 ሚሊ ሜትር ርቀት አለ። በጆሮ በኩል ካለው ክብ ሥር የቅርብ ጭማሪው ቁጥር ይጻፋል፤ 20 ካለ +2.00 ማለት ነው። በአፍንጫ በኩል ካለው ሥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአምራቹ መለያ ይኖራል። የኔ ላይ ቁጥሩ አለ፣ የአምራቹ መለያ ግን የለም። የተጠራልኝ ትልቅ ስም የውሸት ነበር።

ከዚያ ክቦቹን በእስክሪብቶ ነካ ነካ አደረገና መነጽሩን ፊቴ ላይ አድርጎ አየኝ። ከዓይኔ ብሌን ትይዩ መሆን የነበረበት ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ፍሬሙ አጭር ስለሆነ ደግሞ የማንበቢያው ክፍል ግማሹ ሌንሱ ሲቆረጥ ተጥሏል። ለማንበብ የምከፍለውን ገንዘብ ከፍዬ፣ ማንበቢያውን ቆርጠው ጥለውታል ማለት ነው። የተቆረጠ ሌንስ ተመልሶ አይቀጠልም። ገንዘቡ በዚያው ቀረ።

ስለዚህ ፕሮግረሲቭ ለመግዛት የቆረጣችሁ እንደሆነ ይቺን ብቻ ያዙልኝ። ባለሙያው ፍሬሙን ፊታችሁ ላይ አስተካክሎ ካደረገ በኋላ፣ ከፊታችሁ ቁጭ ብሎ፣ ፍሬሙ ላይ ባለው የናሙና ፕላስቲክ ላይ የብሌናችሁን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ካላደረገ፣ ቀብድ አትክፈሉ። ፍሬሙም ከብሌናችሁ እስከ ታችኛው ጠርዝ በቂ ቁመት ይኑረው። ለመደበኛ ፕሮግረሲቭ ወደ 18 ሚሊ ሜትር ቢኖር ጥሩ ነው። ለአጭር ፍሬም የሚሠሩም አሉ፤ ግን ከሩቅ ወደ ቅርብ የሚወስደው መንገድ ስለሚያጥር መሀሉ ይጠባል።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ፤ ጓደኞቼን የማሸንፋቸው እዚህ ላይ ስለሆነ።

እድሜ ከ40 ሲያልፍ የዓይናችን የውስጥ ሌንስ እየደረቀ ይሄዳል። ቅርብ ለማየት ቅርጹን መለወጥ ያቅተዋል። ወረቀታችሁ ላይ «አድ» የሚለው ቁጥር ይህን ለማካካስ የሚጨመር ነው። ብዙ ጊዜ ከ+0.75 ወይም ከ+1.00 ይጀምርና 60 ዓመት አካባቢ እስከ +2.50 ይደርሳል። በእነዚህ ዓመታት የሩቁ ቁጥር ብዙም ላይነቃነቅ ይችላል፤ የቅርቡ ግን በየጥቂት ዓመቱ ይጨምራል።

እስቲ አስቡት። ሁለት መነጽር ያለው ሰው የቅርቡን ሌንስ ብቻ ይቀይራል፤ ፍሬሙ ያው ነው፣ የሩቁም ያው ነው። ፕሮግረሲቭ ያለው ግን ሩብ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሙሉውን ውድ ሌንስ ሁለት ሁለቱን ይቀይራል። መነጽር ይወድቃል፣ ይቀመጡበታል፣ ታክሲ ውስጥ ይረሳል። ከሁለቱ አንዱ ሲጠፋ ግማሹ ይቀራችኋል፤ ፕሮግረሲቩ ሲጠፋ ባዶ እጃችሁን ናችሁ። እኔ የሁለቱን ተራ መነጽሮች ሌንስ ደምሬ ካቃጠለኝ ፕሮግረሲቭ ጋር ሳስተያየው ግማሹን እንኳ አልሞላም። ያውም ያ ርካሹ ነበር።

ተራ ሌንስ ሌላም ጥቅም አለው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ጋዜጣ ስታነቡ ዓይናችሁን ብቻ ታንቀሳቅሳላችሁ። ፕሮግረሲቭ ላይ ጎንና ጎኑ ይደበዝዛል። ይህ የአምራቹ ስንፍና አይደለም። ያለ መስመር ቁጥሩ ቀስ እያለ የሚለወጥ ሌንስ ስትሠራ ብዥታው የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት። ውዶቹ ብዥታውን በብልሃት ይበትኑታል እንጂ አያጠፉትም። አዱ በጨመረ ቁጥርም ጥርት ያለው መንገድ ይበልጥ ይጠባል።

ባይፎካልን ላልፈው ነበር፤ ግን መነሳት አለበት። መሀሉ ላይ መስመር ያለው ነው፤ ከመስመሩ በላይ ለሩቅ፣ በታች ለቅርብ። ጥንታዊ ነገር ነው፤ ፈጣሪው ቤንጃሚን ፍራንክሊን እንደሆነ ይነገራል፣ እሱም በ1780ዎቹ እ.ኤ.አ. በደብዳቤው ጠቅሶታል። ፕሮግረሲቭ በአንጻሩ ለገበያ በደንብ የበቃው በ1959 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ባይፎካል ርካሽ ነው፣ የማንበቢያ መስኮቱም ሰፊ ነው። ዓይን መስመሩን ሲሻገር ግን ነገሩ ዘለል ይላል። ትልቁ ጉድለቱ መካከለኛ ርቀት ነው። አዳችሁ +2.00 ከሆነ በታችኛው መስኮት ጥርት የሚለው እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ኮምፒውተራችሁ 70 ላይ ከሆነ ከላይም ከታችም አያገኘውም። ከርካሽ ፕሮግረሲቭና ከባይፎካል ምረጥ ብትሉኝ ግን ሳላመነታ ባይፎካል እላለሁ።

ለኮምፒውተር ከሆነ ሁለተኛውን መነጽር ለንባብ ሳይሆን ለስክሪን አሠሩት። ከዓይናችሁ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩና ቁጥሩን ለሐኪሙ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ 65 ሴንቲ ሜትር ብዬ ሄድኩ። ካልነገራችሁት የቅርብ ምርመራው የሚደረገው መጽሐፍ በሚያዝበት ርቀት፣ 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ «መነጽሩ ኮምፒውተር አያሳየኝም» ብሎ መማረር ይመጣል።

ፕሮግረሲቭ የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ እህቴ አንዷ ናት። አስተማሪ ናት። ሰሌዳ፣ ተማሪ፣ ደብተር፣ እንደገና ሰሌዳ። በቀን መቶ ጊዜ መነጽር ልትቀያይር አትችልም። እሷ ጥሩውን ገዛች፣ ልኬቱም በሥርዓት ተለካላት፣ ዛሬ ከፊቷ አይለይም። የጀመረችውም አዷ +1.25 ሳለ ነው። በትንሽ አድ ሲጀመር መልመዱ ይቀላል፤ በ+2.50 ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባበት ሰው ይቸገራል። ሥራችሁ እንደሷ ከሆነ ገንዘብ አጠራቅማችሁ ጥሩውን ግዙ። እስከዚያ በሁለት መነጽር ቆዩ።

ቆጥባችሁ ማጠራቀም ከፈለጋችሁ ከፍሬሙ ቆጥቡ። የሚያሳያችሁ ሌንሱ ነው። የሚመቻችሁ አሮጌ ፍሬም ካለ የውስጡን ጎን ተመልከቱ። 52፣ 18፣ 140 የሚመስሉ ሦስት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። የሌንሱ ወርድ፣ የአፍንጫው ድልድይ፣ የጆሮ ማንጠልጠያው ርዝመት ናቸው፤ ሁሉም በሚሊ ሜትር። ጻፏቸው። አዲስ ስትገዙ ከእነሱ አትራቁ። አሮጌው ጠንካራ ከሆነም ሌንስ ብቻ ማስቀየር ይቻላል።

በፍሬም ጉዳይ ደግሞ የጥገና ነገር አስተምሮኛል። የአፍንጫ ላስቲክና ተራ ብሎን ያለው ብረት ፍሬም በቀላሉ ይጠገናል። ስፕሪንግ ያለው ማጠፊያ ሲያረጅ ግን ብዙ ጠጋኝ አይነካውም። አሲቴት የሚባለው ፕላስቲክ ሲሞቅ ይታዘዛል፤ ከፊታችሁ ቅርጽ ጋር ይስተካከላል። ቲአር 90 የሚባለው ፕላስቲክ ቀላልና በቀላሉ የማይሰበር ነው፤ ግን ቅርጹን አይለቅም። አንዱ ጆሮአችሁ ከፍ ያለ ከሆነ መከራ ነው። «ታይታኒየም» ተብሎ የተሸጠላችሁ ፍሬም ላይ ማግኔት አስጠጉ። ብሎኑን ሳይሆን አካሉን ከያዘው ታይታኒየም አይደለም። ካልያዘውም ገና አልተረጋገጠም፤ ማግኔት የማይዛቸው ሌሎች ብረቶች አሉ። እውነተኛው ታይታኒየም ሲሰበር በተራ ብየዳ አይያያዝም፤ ይህንንም ከመግዛት በፊት ማሰብ ነው።

ሌንስ ሲመረጥ ሻጩ የሚያቀርባቸው ጭማሪዎች ብዙ ናቸው። ጸረ ነጸብራቅ ሽፋን ገንዘቡን ያወጣል። ሽፋን የሌለው ፕላስቲክ ሌንስ ከሚመጣው ብርሃን 8 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ ማታ የመኪና መብራት ሲመጣ ልዩነቱ ይገባችኋል። የሰማያዊ ብርሃን መከላከያው ግን ይቅርባችሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ያወጣው ግምገማ እንዳሳየው፣ በስክሪን የሚመጣን የዓይን ድካም ከተራ ሌንስ የተለየ አይቀንስም። ሌንስ ማቅጠኛውም ለሁሉም አይደለም። ቁጥራችሁ እስከ 3 ድረስ ከሆነ ተራው፣ 1.50 የሚባለው ሌንስ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽና ክብ ፍሬም ምረጡ፤ ያለ ምንም ክፍያ ጠርዙ ይቀጥናል። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ሌንስ ለልጆችና ለስፖርት ነው፤ በቀላሉ አይሰበርም። ለአዋቂ ትልቅ ቁጥር ግን በዳር በኩል ሲያዩ የነገሮች ጠርዝ ላይ ቀለም ሊያመጣ ይችላል።

ሽፋኑን የሚገድለው ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ መነጽር፣ በሙቅ ውሃ የታጠበ መነጽር፣ ሽፋኑ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ የዕቃ ሳሙና እጠቡት። አቧራ ሳለበት በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉት።

መልመድን በተመለከተ፣ ማንኛውም አዲስ መነጽር ጥቂት ቀናት ይፈልጋል። በተለይ ወረቀቱ ላይ የሲሊንደር ቁጥር (የዓይን ቅርጽ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አለመሆኑን የሚያስተካክለው) ከተለወጠ መሬቱ ያዘነበለ፣ በሩ አንድ ጎኑ የረዘመ ይመስላል። አትደንግጡ። ጠዋት ስትነሱ አድርጉት፣ ማታ አውልቁት፣ አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት። ቀኑን ሙሉ ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ከሆነ አእምሯችሁ አንዱንም አይለምድም። ፕሮግረሲቭ ከሆነ ደግሞ የምታዩትን ነገር በአፍንጫችሁ ጠቁሙት፤ ዓይን ብቻ ወደ ጎን ከሄደ ብዥታ ላይ ይወድቃል። ደረጃ ስትወርዱ አገጫችሁን ወደ ደረት አስጠጉ፣ በላይኛው ክፍል እግራችሁን እዩ። እስክትለምዱት መኪና አትንዱበት።

ትዕግሥት ግን ልክ አለው። ነገር ሁለት ሆኖ ከታያችሁ ወይም አንዱ ዓይን ብቻ ከደበዘዘ በማግስቱ ተመለሱ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አድርጋችሁት ራስ ምታቱ ካልለቀቀም ተመለሱ። «ይለመዳል» የሚለውን ቃል ለሁለተኛ ጊዜ አትቀበሉ። የተሠራው ሌንስ በመለኪያ ማሽኑ ተለክቶ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር ይመሳከር በሉ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት፣ ፒዲ የሚሉት፣ በትክክል መሠራቱንም ጠይቁ። ቁጥሩ 5 የሆነ ሌንስ መሀሉ በ4 ሚሊ ሜትር ከሳተ ብርሃኑን ወደ ጎን ያጣምመዋል፤ ዓይናችሁ ቀኑን ሙሉ ያንን ሲያስተካክል ይውላል።

የኔ የቅርቡ መነጽር ጠረጴዛዬ ላይ ነው የሚያድረው፣ ከዚያ አይነሳም። የሩቁ ፊቴ ላይ ነው። መንገድ ላይ ስልክ ለማየት የሩቁን ወደ ግንባሬ ከፍ አደርገዋለሁ፤ ቁጥሬ የሩቅ ማነስ (ማይነስ) ስለሆነ፣ ማለትም የሚደበዝዝብኝ ሩቁ ስለሆነ፣ በባዶ ዓይን ቅርቡ ይታየኛል። እንደኔ የሩቅ ማነስ ያላችሁ፣ ሁለተኛውን ከማሠራታችሁ በፊት መነጽራችሁን አውልቃችሁ ስልካችሁን ሞክሩ። ለንባብ ምንም ላያስፈልጋችሁ ይችላል።