ሮክዉል ኮምፎርትባት አር-30፦ ከወለል ስር ለሚመጣ ብርድ

ማሞቂያ የሌለው ክሮውል ስፔስ (ከወለሉ ስር ያለ፣ ተጎንብሰው የሚገቡበት ዝቅተኛ ባዶ ቦታ) ላይ ለተሠራ የአሜሪካ የእንጨት ቤት ከፋይበርግላስ ይልቅ ይህን ብርድ መከላከያ የድንጋይ ሱፍ እንመርጣለን (አር-30 ሙቀት እንዳያልፍ የመከላከል አቅሙ መለኪያ ነው)። ስፋቱ 15.25 ኢንች ነው፤ በየ16 ኢንቹ በቆሙ ተሸካሚ እንጨቶች መካከል ያለው ክፍተት 14.5 ኢንች ስለሆነ ጥብቅ ብሎ ይገባል። በጥርሳም የዳቦ ቢላዋ ሲቆረጥ ጠርዙ ስለማይፈረካከስ የቧንቧ ማለፊያ በልኩ ይወጣለታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የሱፉ ውፍረት 7.25፣ “2 በ10” የሚባለው ተሸካሚ እንጨት ትክክለኛ ቁመት ደግሞ 9.25 ኢንች ነው። የሚተርፈው 2 ኢንች ከታች መቅረት አለበት። ሱፉ ከወለሉ ጣውላ ጋር ካልተጣበቀ ቀዝቃዛ አየር በመሃል እየተዘዋወረ ልፋቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ውሎ አድሮ እንዳይወርድ በየ16 ኢንቹ የሽቦ መደገፊያ ይግባለት፤ ሽቦው ግን ሱፉን አይጭመቀው።

ሱፉ ነፋስ አያግድም። ስለዚህ የቧንቧና የገመድ ቀዳዳዎችን፣ በተለይ ከመታጠቢያ ገንዳው ስር ያለውን ሰፊውን፣ አስቀድሞ በፎም መድፈን ግድ ነው። መሬቱ ላይም ባለ 6 ሚል (0.15 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው) ፕላስቲክ ይነጠፍ፤ አለዚያ እርጥበት እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ወለሉ ከተሸፈነ በኋላ ከስሩ ያለው ክሮውል ስፔስ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ያልተጠቀለለ የውሃ ቧንቧ በክረምት ሊፈነዳ ይችላል።

ዋጋው ከፋይበርግላስ ይወደዳል፤ ክብደቱም ተኝቶ ለሚሠራ ክንድ ያደክማል።