የጉግል ብሎገር ለሰሜን ሸዋ አነስተኛ ንግድ፦ ማንን ይጠቅማል?

መንዝ ውስጥ በርኖስ የሚያሠራ ሰው በቴሌግራም ቻናሉ የሚለጥፈው ፎቶ ሳምንት ሳይሞላው ከሌሎች ልጥፎች ሥር ይቀበራል። አዲስ አበባ ያለው ገዢ ግን ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል፦ ዋጋው ስንት ነው? ከታዘዘ በስንት ቀን ይደርሳል? ሲታጠብ ይኮማተራል ወይ? የጦማር (የብሎግ) ጥቅም እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ በወጉ የተጻፈ መልስ ጉግል ላይ ለሚፈልግ ሁሉ ለዓመታት ይገኛል። ቴሌግራም ያለውን ደንበኛ ለመያዝ ጥሩ ነው፤ ስማችሁን ሰምቶ የማያውቅ ሰው የሚመጣው ግን ከፍለጋ ነው።

ለጀማሪ የምንመክረው የጉግልን ብሎገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀምሮ በ2003 ጉግል የገዛው የጦማር መክፈቻ አገልግሎት ነው፤ ክፍያ የለውም፣ የጂሜይል አካውንት ይበቃዋል። ትልቁ ብልጫው ጽሑፉም ፎቶውም ጉግል ዘንድ መቀመጡ ነው። መንዝ ውስጥ መሀል ሜዳ ከተማ ኔት ቢጠፋ አዲስ አበባ ያለው ገዢ ገጹን ማንበቡን አያቋርጥም። ኔት ባለበት ቀን ሦስት አራት ልጥፍ ጽፎ የሚወጡበትን ቀንና ሰዓት መወሰንም ይቻላል። ለእኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ለአማርኛ ታስቦ አለመሠራቱ ነው። ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚጎዳው በልጥፉ አድራሻ (በሊንኩ) ነው። ርዕሱ በግዕዝ ፊደል ሲሆን ብሎገር አድራሻ ሊያወጣለት ስለማይችል ለሁሉም «ብሎግ ፖስት» የሚል ስም ከቁጥር ጋር እየሰጠ ያልፋል። ስለዚህ ከማተም በፊት ከጽሑፉ ጎን ካለው ማስተካከያ ፐርማሊንክ (የልጥፉ ቋሚ አድራሻ) የሚለውን ከፍቶ በላቲን ፊደል አጭር ስም መስጠት ያስፈልጋል፤ በቃላቱ መካከል ሰረዝ (-) ይግባ፣ ክፍት ቦታ አይቀበልም። ከታተመ በኋላ አድራሻው ይቆለፋል። ለመቀየር ልጥፉን ወደ ረቂቅ መመለስ ግድ ነው፣ ያኔ ደግሞ አስቀድሞ ለደንበኛ የተላከው ሊንክ አይሠራም።

ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ዘመን የተጻፈ የቆየ ሰነድ ገልብጦ መለጠፍም አይሆንም፤ ዩኒኮድ (ዛሬ ስልክና ኮምፒውተር የሚያነበው የፊደል ሥርዓት) ስላልሆነ በአንባቢው ስልክ ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። እንደገና መተየብ ይሻላል። ከቴሌግራም ወይም ከወርድ የተገለበጠ ጽሑፍ ደግሞ የራሱን ቀለምና የፊደል መጠን ይዞ ስለሚመጣ ገጹን ያበላሻል፤ ጽሑፉን መርጦ ቅርጸት ማጽጃውን ምልክት መጫን ነው።

ከልጥፉ ጋር የሚወጣው ቀን የፈረንጅ ነው። ዋጋ የሚጽፍ ሰው ዋጋው የየትኛው ወርና ዓመት እንደሆነ በእኛ አቆጣጠር ጽሑፉ ውስጥ ያስገባ። ዋጋ ሲጨምርም አዲስ ልጥፍ አይክፈት፣ ያንኑ ያድስ፤ አድራሻው አንድ ስለሆነ ጉግል ላይ ያገኘው ቦታ አይጠፋበትም።

አንድ የበርኖስ ልጥፍ ምን ይያዝ? ርዕሱ ገዢው የሚፈልግበት ቃል ይሁን፦ «የመንዝ በርኖስ ዋጋና አሠራር»። «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ርዕስ ማንም አይፈልግም። ከሥሩ ርዝመቱ በሜትር፣ ክብደቱ በኪሎ፣ ቀለሙ የበጉ የራሱ ይሁን የተነከረ፣ በሙቅ ውኃ ለምን እንደማይታጠብ (ሱፍ ሙቀትና መታሸት ሲያገኝ ይኮማተራል)፣ ወደ አዲስ አበባ እንዴት እንደሚላክ ይጻፍ። አራት አምስት ፎቶ ይበቃል፦ ጠጉሩ ሲሸለት፣ ሲፈተል፣ ሲሸመን፣ ተለብሶ። ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ስለሆነ ስፋቱን ወደ 1200 ፒክስል አውርዶ መጫን የእናንተንም የአንባቢንም ዳታ ያተርፋል። ዋጋውን ፎቶ ላይ ብቻ መጻፍ ግን ስህተት ነው፤ ጉግል በዋነኛነት የሚያነበው ጽሑፉን ነው።

ፈላጊው ፊደል አይመርጥም። አንዱ «ደብረ ብርሃን» ይላል፣ ሌላው «ደብረብርሀን»፣ ሦስተኛው በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። አንዱን አጻጻፍ በርዕሱ፣ ሌላውን በጽሑፉ ውስጥ ማስገባት ይረዳል። አንድ አንቀጽ ውስጥ አሥር ጊዜ መደጋገም ግን ገጹን ያስጠላል፣ ጉግልም አይወደውም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያዋጣው ለእንግዳ ማረፊያ ነው ብለን እናምናለን። አንኮበር ወይም ጓሳ አካባቢ የሚያሳድር ሰው እንግዳው ከመነሳቱ በፊት የሚጠይቀውን ሁሉ መጻፍ ይችላል፦ በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ ምን ይመስላል፣ ለማታው ብርድ ምን ይያዝ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ስንት ሰዓት ይወጣ። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ከቦታው ሰው በቀር በትክክል የሚጽፈው የለም።

ደብረ ሲና ላይ ለመንገደኛ ቆሎ ለሚሸጥ ሰው ግን አንመክርም። ገዢው ከመኪና መስኮት አይቶ ይገዛል እንጂ ጉግል ላይ አይፈልግም። ቆሎውን በኪሎ አሽጎ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ብሎገር የግዢ ቅርጫትም መክፈያም የለውም፤ ሽያጩ የሚጠናቀቀው በስልክና በቴሌብር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከላይም ከታችም ሲነካ የሚደውል ሊንክ ሆኖ ይግባ፣ በ+251 ይጀምር። በወር ሁለት ልጥፍ በቂ ነው፤ በለጠፉ ማግስት ደንበኛ አይጠበቅም፣ ገጹ ፍለጋ ላይ ቦታ እስኪይዝ ወራት ሊወስድ ይችላል።

የራስን አድራሻ መግዛት በመጀመሪያው ዓመት አያስፈልግም። በኋላ ከኢትዮ ቴሌኮም በዶት ኢቲ (.et) የሚያልቅ አድራሻ ቢገዛ ብሎገር ሁለት የሲኔም (CNAME) መዝገብ፣ ማለትም አድራሻውን ከብሎገር ጋር የሚያገናኙ ሁለት መስመሮች፣ ይጠይቃል፤ አንዱ ብቻ ገብቶ ሁለተኛው ከተረሳ ብሎገር አድራሻውን አይቀበልም።