ለነቃ ህልም የቱ ይሻላል፦ የቀን ፍተሻ ወይስ የሌሊት መንቂያ?

ነቃ ህልም፣ ማለትም ህልም ላይ መሆንን እያወቁ ህልም ማየት፣ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዛዊው ኪት ኸርን፣ የተኛ ሰው አስቀድመው በተስማሙበት የዓይን እንቅስቃሴ ከህልሙ ውስጥ ምልክት ሲሰጥ መዝግቧል። ጥያቄው እንዴት ይደጋገም፣ እንዴትስ ይርዘም ነው።

የቀን ፍተሻው ቀላል ነው። ደጋግመህ «አሁን ህልም ላይ ነኝ እንዴ?» ትላለህ። አፍንጫህን ይዘህ፣ አፍህን ዘግተህ ለመተንፈስ ትሞክራለህ። በህልምህም ይህንኑ ስትሞክር ብዙ ጊዜ አየሩ ይገባል፤ ህልም መሆኑን በዚያ ታውቃለህ። እንቅልፍህን አይነካም። ግን ቶሎ ልማድ ይሆንና ሳታስበው አፍንጫ መያዝ ብቻ ይቀራል። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ሰው ያፈጥብሃል።

የሌሊቱ ይከብዳል። 4 ሰዓት ከተኛህ 9 ሰዓት ላይ አላርም ይቀሰቅስሃል። ጥቂት ደቂቃ ነቅተህ ያየኸውን ህልም ታስታውሳለህ። ከዚያ «ቀጥሎ ህልም ሳይ፣ ህልም መሆኑን አስታውሳለሁ» እያልክ፣ በዚያው ህልም ውስጥ ሆነህ ህልም መሆኑን ስታውቅ በሐሳብህ እየሳልክ ትተኛለህ። ይህን የማስታወስ ዘዴ ያዳበረው አሜሪካዊው ስቲቨን ላበርጅ ነው። ሰዓቱም በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ ህልም የሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ወደ ንጋት እየረዘመ ይሄዳል። ረጅም ህልም ለሚፈልግ እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። ህልሙ መደብዘዝ ሲጀምር እዚያው በህልምህ እጆችህን አፋትግ፤ ብዙዎችን ትንሽ ያቆያቸዋል።

በየቀኑ ግን አይሆንም፤ እንቅልፍ ያጎድላል። ቅዳሜ ሌሊት ይበቃል፣ ያውም እሑድ ቅዳሴ ከሌለብህ። አንዴ ከነቃ እንቅልፍ እምቢ የሚለው ሰው የቀኑን ይያዝ።