ለአሮጌ ኮምፒውተር ሴንሰር ኤችደብሊው ኢንፎን የሚያክል አላገኘሁም

እቤት ያለው ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ኮር ቱ ዱዎ ኢ8400 ነው፣ አሮጌ ነው ግን ለዶክመንት፣ ለኢንተርኔት፣ ለልጆች ትምህርት አሁንም ቀጥ ብሎ ይሰራል። ያስቸገረኝ ሙቀት፣ ቮልትና የፋን ፍጥነት የሚለካው ሴንሰሩ ነው። ድሮ የተጫነበት የሙቀት ማሳያ ፕሮግራም 12 ቮልቱን 8.06 ይለዋል፣ ስሙ እንኳን በቅጡ ያልተጻፈ አንድ ሙቀት 127 ዲግሪ ላይ ተተክሎ ቀርቷል፣ የኬዙ ፋን ደግሞ አይኔ እያየ እየዞረ 0 ይላል። አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ልጁ ኬዙን ሳይከፍት ስክሪኑን ብቻ አይቶ ፓወር ሰፕላዩ አልቆለታል ማዘርቦርዱም እየሄደ ነው አለኝ። አላመንኩም፣ ይዤው ተመለስኩና ኤችደብሊው ኢንፎ (HWiNFO) የሚባለውን የሴንሰር ማንበቢያ ፕሮግራም ጫንኩበት። ይሄን ሪቪው የምጽፈው ብዙ ሰው በውሸት ቁጥር ምክንያት ደህና እቃ አስጥለውት አዲስ እየገዛ ስለሆነ ነው፣ በዚህ የእቃ ዋጋ ደግሞ በጣም ያሳዝናል።

መጀመሪያ ስለ አጫጫኑ፣ ኢንስቶል የማይፈልግ ፖርተብል የሚባል አለው፣ ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ የፈለጋችሁት ኮምፒውተር ላይ መክፈት ነው። ሲከፈት ሴንሰር ብቻ የሚለውን ምረጡ፣ ካልሆነ ሌላ ብዙ መስኮት ያመጣባችኋል። ከዛ የሚመጣው ዝርዝር ረጅም ነው፣ ለጀማሪ ያስፈራል ግን ዋናው ጥቅሙ እዛ ላይ ነው፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከየትኛው ቺፕ እንደመጣ ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው። ይሄ ከፕሮሰሰሩ ውስጥ፣ ይሄ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው የሴንሰር ቺፕ፣ ይሄ ከሃርድ ዲስኩ ብሎ። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ይሄን ሁሉ አንድ ላይ ደባልቀው ሲፒዩ ቴምፕ ብለው ይጥሉላችኋል፣ የየትኛው ሲፒዩ ቴምፕ እንደሆነ አታውቁም።

አሁን ወደ 12 ቮልቱ። የሴንሰር ቺፑ በቀጥታ 12 ቮልት ማንበብ አይችልም፣ የሚችለው እስከ 4 ቮልት አካባቢ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ማዘርቦርዱ ላይ ሁለት ሬዚስተር አድርገው ቮልቱን ይቀንሱለታል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ የተቀነሰውን መልሶ ማባዛት አለበት። በስንት እንደሚባዛ ግን ቺፑ አይናገርም፣ ከቦርድ ቦርድ ይለያያል፣ ፕሮግራሙ ቦርዱን ካላወቀው ይገምታል። ኤችደብሊው ኢንፎ የኔን ቦርድ ስላላወቀው ዝም ብሎ ከመገመት ቪን (VIN) ምናምን በሚል ስም ያልተባዛውን ጥሬ ቁጥር 3.024 ብሎ አስቀመጠልኝ። ይሄን በ4 ስታባዙት 12.096 ነው። መልቲሜትር አወጣሁ፣ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣውን ባለ አራት ቀዳዳ ሶኬት ቢጫውንና ጥቁሩን ለካሁ፣ 12.1 አካባቢ። የድሮው ፕሮግራም ያንኑ 3.024 በ2.67 ገደማ እያባዛ ነው 8.06 ሲለኝ የከረመው! በኤቲኤክስ (ATX) የፓወር ሰፕላይ መስፈርት 12 ቮልቱ ከ11.4 እስከ 12.6 ድረስ ደህና ነው፣ 5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25። ደግሞም እኮ 12 ቮልቱ የእውነት 8 ቢሆን ኮምፒውተሩ መች ይነሳ ነበር፣ ይሄን ጥገና ላይ ያለ ሰው ማወቅ ነበረበት።

ደስ ያለኝ ነገር ማባዣውን ራሳችሁ ማስተካከል መቻላችሁ ነው። መስመሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ሴቲንጉ ውስጥ ማባዣና መደመሪያ ቦታ አለ፣ 4 አስገባሁ፣ ስሙንም 12 ቮልት አልኩት፣ ከዛ በኋላ ሁሌ ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ የኔ ቦርድ ላይ ያለው አይቲኢ የሚባል ድርጅት የሰራው የሴንሰር ቺፕ የሚቆጥረው በ16 ሚሊቮልት እርምጃ ነው፣ በ4 ሲባዛ 64 ሚሊቮልት ይሆናል፣ ስለዚህ 12.03፣ 12.10፣ 12.16 እያለ ቢዘል ፓወሩ እየተንቀጠቀጠ ነው ማለት አይደለም፣ በመሀል ያለውን ቁጥር ማሳየት ስለማይችል ነው።

127 ዲግሪው ምንም አይደለም። ቺፑ ላይ ሶስት የሙቀት መግቢያ ካለ ሁሉም ቦርድ ሶስቱንም አይጠቀምም፣ ምንም ያልተገናኘበት መግቢያ ብዙ ጊዜ ወይ 127 ወይ ከዜሮ በታች 128 ይላል፣ በ8 ቢት መጻፍ የሚቻለው ጫፉ እሱ ስለሆነ። ደብቁት በቃ። የኬዙ ፋን ደግሞ ኬዙን ከፍቼ ሳየው ሁለት ገመድ ብቻ ያለው ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የተሰካ ነው፣ ፍጥነት የሚናገረው ሶስተኛው ገመድ ነው፣ እሱ ከሌለ ማንም ፕሮግራም ሊያነበው አይችልም። የእናንተ ሶስት ገመድ ኖሮት ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ 0 ካለ ሌላ ምክንያት አለ፣ አንዳንድ የቆዩ ቺፖች ቆጣሪያቸው 8 ቢት ስለሆነ ከ255 በላይ አይቆጥርም፣ ማካፈያ የሚባለው ቆጠራውን የሚያሳንሰው ሴቲንግ 2 ላይ ከተቀመጠ በደቂቃ ከ2647 ዙር በታች የሚዞር ፋን ማየት አይችሉም፣ ማካፈያው 8 ሲሆን እስከ 661 ይወርዳሉ። ማለትም ፋኑ ጤነኛ ሆኖ ቆሟል ይባላል።

የፕሮሰሰሩ ሙቀት ላይ ግን ኤችደብሊው ኢንፎም ተአምር አይሰራም፣ ይሄን በግልጽ መናገር አለብኝ። የኢንቴል ሴንሰር ቀጥታ ዲግሪ አይደለም የሚሰጠው፣ ጫፉ ላይ ማለትም ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመከላከል ፍጥነቱን የሚቀንስበት ሙቀት ላይ ለመድረስ ስንት ዲግሪ እንደቀረው ነው፣ ፕሮግራሙ ከጫፉ ላይ ይቀንሳል። ኮር ቱ ላይ ያ ጫፍ ስንት እንደሆነ ከፕሮሰሰሩ ማንበብ አይቻልም ነበር፣ ለኢ8400 100 ነው፣ ግን አንዱ ፕሮግራም 95 ብሎ ሌላው 105 ብሎ ከተነሳ በአንድ ኮምፒውተር ላይ የ10 ዲግሪ ልዩነት ታያላችሁ። በዛ ላይ የኮር ቱ ዘመን ፕሮሰሰሮች ሲቀዘቅዙ ሴንሰራቸው ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ላይ ይጣበቃል፣ የኔ አንዱ ኮር ስራ ሲፈታ ከ43 አይወርድም፣ ሌላኛው ይወርዳል። ስለዚህ እዛው ዝርዝር ውስጥ ያለውን እስከ ጫፉ የቀረውን ርቀት ነው የማየው፣ ስራ ሲበዛበት 30 እና ከዛ በላይ ከቀረው እተወዋለሁ፣ 10 ውስጥ ከገባ አቧራውን አጸዳለሁ፣ ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መሀል የሚቀባውን ፔስትም እቀይራለሁ። የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያላችሁ ደግሞ ፌኖም በሚባሉት የቆዩ ፕሮሰሰሮች ዘመን የወጡት ላይ የሚታየው ቁጥር ትክክለኛ ዲግሪ አይደለም፣ ፋን ለመቆጣጠር የተሰራ ስኬል ነው፣ ከክፍሉ ሙቀት በታች ቢያሳያችሁ ሴንሰሩ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ።

ቀላል መፈተሻ ልንገራችሁ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይደር፣ ጠዋት ስትከፍቱት ወዲያው እዩት። አዲስ አበባ ጠዋት ቤት ውስጥ ብርድ ነው፣ የማዘርቦርዱም የሃርድ ዲስኩም ቁጥር ለክፍሉ ቅርብ መሆን አለበት፣ ገና ከመክፈታችሁ 60 የሚል ካለ እሱ ይዋሻል። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ገብታችሁም አወዳድሩ፣ የቦርዱ ሰሪ ትክክለኛውን ማባዣ የሚያውቀው እዛ ነው። ሁለት የሴንሰር ፕሮግራም ግን አንድ ላይ አትክፈቱ፣ ሁለቱም አንዱን ቺፕ ሲጠይቁ መልሱ ይምታታና ያልነበረ ጥፋት ታያላችሁ። የድሮውን መጀመሪያ ዝጉት፣ ከስታርትአፕም አውጡት።

የማልወድለት ነገር አለ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኢሲ የሚባለውን መቆጣጠሪያ ሲያነብ ማሽኑ ሽርፍርፍ እያለ ማውሱ ይቆማል፣ ራሱ አስጠንቅቆ ላጥፋው ወይ ይላችኋል፣ አዎ በሉት። ለግል ነጻ ነው፣ ለስራ የምትጠቀሙ ጥገና ቤቶች ግን ፕሮ የሚባለውን የሚከፈልበትን መግዛት አለባችሁ፣ በሱ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ፍርድ የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ መልቲሜትሩንም ከመሳቢያ አውጡት።