ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ጠንካራ ፍራሽ? ለደብረ ብርሃን ብርድና ለሸዋ ሮቢት ሙቀት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፍራሽ የሚገዛ ሰው መዳፉን ስፖንጁ ላይ ጫን ያደርጋል፤ ተመልሶ ሲነሣ «ጥሩ ነው» ይልና ወደ ዋጋ ክርክሩ ይገባል። እኔም የመጀመሪያ ፍራሼን እንዲሁ ገዛሁ። ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ልብሱ አበባማ ነበር። ዓመት ሳይሞላው መሐሉ እንደ ገበቴ ጎደጎደ፤ ጠዋት ወገቤን ደግፌ መነሣት ልማዴ ሆነ።

ስሕተቴ ሁለት ነገሮችን አንድ አድርጌ ማየቴ ነበር። ጥንካሬ ማለት ፍራሹ ሲተኙበት ምን ያህል ይሰምጣል ማለት ነው። ሻጮች ዴንሲቲ የሚሉት እፍጋት ደግሞ አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ይናገራል፤ ፍራሹ ስንት ዓመት ቅርጹን ይዞ እንደሚቆይ በአብዛኛው የሚወስነው እርሱ ነው። ዛሬ ጠንካራ የሚመስል ስስ እፍጋት ያለው ስፖንጅ ከርሞ ይሰረጉዳል። ማጣራቱ ቀላል ነው፤ ከጎረቤት የእህል ሚዛን ይዋሱ። 1.90 በ1.20 ሜትር ሆኖ 15 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ስፖንጅ እፍጋቱ 20 ከሆነ 7 ኪሎ ገደማ፣ 30 ከሆነ ከ10 ኪሎ ጥቂት አለፍ ይላል። ክብደት ለመጨመር የኖራ ድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት ስፖንጅም ስላለ፣ ሲታሽ ዱቄት የሚያራግፈውን ይተዉት።

ወደ ጥንካሬው ስንመጣ መልሱ ያለው በአተኛኘትዎ ነው። በጎናቸው የሚተኙ ሰዎች ትከሻቸውና ዳሌያቸው ጥቂት ሊሰምጥላቸው ይገባል፤ ጠንካራ ፍራሽ ክንዳቸውን እያደነዘዘ ሌሊቱን ሙሉ ያገላብጣቸዋል። ስለዚህ ከመካከለኛ ወደ ለስላሳ ያዘነበለው ይስማማቸዋል። በጀርባ ለሚተኛ መካከለኛው፣ በሆዱ ለሚተኛ ደግሞ ሆዱ ሰምጦ ወገቡን እንዳያጎብጠው ጠንካራው ይሻላል። ከባድ ሰው በሁሉም አንድ ደረጃ ከፍ ይበል። ለሕፃን ግን ምርጫ የለም፤ ጠንካራና ደልዳላ ብቻ።

«ጠንካራ ፍራሽ ለወገብ መድኃኒት ነው» የሚለውን አባባል ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። አያቶቻችን በጠፍር አልጋ ላይ ተኝተው ወገባቸው ደህና ነበር ይባላል፤ ነገር ግን ጠፍር እንደ ሳንቃ አይደርቅም፣ ከሰውነት ጋር ይለጠጣል፣ ሲላላም እንደገና ይወጠራል። ያ በእኔ ግምት መካከለኛ ፍራሽ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የስፔን ጥናትም ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 313 ሰዎች ለ90 ቀናት ተከታትሎ፣ በመካከለኛ ፍራሽ የተኙት በጠንካራ ከተኙት ይልቅ ሕመማቸው እንደቀለለ አሳይቷል።

የአገሩ አየርም ከጥንካሬው ጋር ይነካካል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ከ1,300 ሜትር በታች ይሆናል። የሰውነትን ቅርጽ የሚይዘው ሜሞሪ ፎም የሚባለው ስፖንጅ ሲበርደው ይደርቃል፣ ሲሞቀው ይላላል። በኅዳር ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ እስኪሞቅ ድረስ እንደ መደብ ይሆናል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ሰውነትን ውጦ ያልባል። ተራው ስፖንጅ በዚህ ያን ያህል አይለዋወጥም። የስፕሪንግ ፍራሽ በውስጡ አየር ስለሚያዘዋውር ለቆላው ሰው ተመራጭ ነው፤ ደገኛው ግን ብርዱ ከሥር ይመጣበታል። ለደጋ የምመክረው ከሚያስፈልግዎ አንድ ደረጃ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ገዝተው ላዩ ላይ የመንዝ ባና ወይም ዝተት ማንጠፍ ነው፤ ሱፉ ብርዱን ይከለክላል፣ ላዩንም ያለሰልሰዋል። የጥጥ ፍራሽ እየዋለ እያደረ መድረቁ አይቀርም፤ ቢሆንም ተፈትቶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ተነድፎ እንደ አዲስ ይሆናል፤ ስፖንጅ ይህን ዕድል አያገኝም።

አልጋውንም ይመልከቱ። የረገበ የሽቦ አልጋ ላይ የተዘረጋ ጠንካራ ፍራሽ ለስላሳ ሆኖ ያድራል። በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ ከተዘረጋ ደግሞ ከሥር እርጥበት ይይዝና ይሻግታል።

ሱቅ ውስጥ መዳፍዎን ትተው ጫማዎን አውልቀው ይተኙበት፤ ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። በጀርባዎ ሆነው እጅዎን ከወገብዎ ሥር ያስገቡ። ወዲያ ወዲህ በነፃነት ከተመላለሰ ፍራሹ ጠንክሮብዎታል፤ ጨርሶ አልገባ ካለ ለስልሶብዎታል፤ እየታከከ ከገባ ልክዎ ነው። ከአዲስ አበባ ተጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ታስሮ የመጣ ፍራሽ ከሆነ ግን ይህን ፈተና ከመሞከርዎ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ተዘርግቶ ይዋል።