ለሳይንስ ማስተማሪያ ዘዴ መምህራችን ምስጋና፣ ለሰልጣኞችም ጥቆማ

በ2020 እ.ኤ.አ. ኮቪድ-19 ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ እኛ ሰልጣኝ መምህራን ተማሪ ፊት ሳንቆም ማስተማርን እንድንማር ተገደድን። ስለ ፈተናውና ስለ ኢንተርኔቱ ብዙ ተባለ። ምን እንደሚሰማን የጠየቁን ግን የሳይንስ ማስተማሪያ ዘዴ መምህራችን ብቻ ነበሩ፤ ይህን ምስጋና በአደባባይ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ትምህርቱ ሲጀመር እያንዳንዳችን ስሜታችንን ከነምክንያቱ እንጽፍ ነበር፦ ፍርሃት፣ መሰላቸት፣ ንዴት፣ አልፎ አልፎም ጉጉት። መምህራችን አይዟችሁ ብለው አላለፉትም፤ ከጻፍነው ላይ የዕለቱን ጥያቄ ያወጡ ነበር። እጃችንን በጭንቀት እንደምንታጠብ ስንጽፍ ሳሙና ቫይረሱን ምን እንደሚያደርገው አስጠኑን። የቫይረሱ የውጭ ሽፋን ቅባት አለው፤ የሳሙና ሞለኪውል ደግሞ አንዱ ጫፉ ከውሃ፣ ሌላው ከቅባት ጋር ስለሚያያዝ ሽፋኑን ይበጣጥሰዋል። ከዚያ በኋላ መታጠቡ ትርጉም ያለው ሥራ ሆነልኝ።

ከሁሉም የማልረሳው የስርጭቱን ስሌት ነው። አንድ ታማሚ ብቻ ነበር እንበል፤ ቁጥሩ በየ3 ቀኑ እጥፍ ከሆነ በ30 ቀን 1,024 ይደርሳል። በየ6 ቀኑ ከሆነ ግን 32 ብቻ። ግራፉን በእጃችን ሳልነው። ዜና በሰማሁ ቁጥር ይይዘኝ የነበረው አቅመ ቢስነት የቀለለው እዚያ ላይ ነው፤ መራራቅ ምን እንደሚያተርፍ በራሴ እርሳስ አየሁታ!

ይህ ዘዴ ከየት እንደመጣም አልደበቁንም። ሬይንሃርድ ፔክሩን የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንደሚያስረዱት፣ በትምህርት ላይ የሚሰማን ስሜት በአብዛኛው ሁለት ነገሮችን ይከተላል፦ ነገሩን እችለዋለሁ ወይ? ይጠቅመኛልስ ወይ? መምህራችን ሁለቱንም ይነኩ ነበር። የቤት ውስጥ ሙከራችን ያልተጠበቀ ውጤት ሲሰጥ ነጥብ አይቀንሱም፤ ምን እንደለወጥን ጠይቀው ያስደግሙናል። በስክሪን ፊት የመቀመጥን ድካም ግን እሳቸውም አላስወገዱትም። እሱን ማንም የሚያስወግደው አይመስለኝም።

ሳይንስን እየፈራችሁ ለመጀመሪያ ደረጃ መምህርነት የምትሰለጥኑ፣ የእሳቸውን ክፍል የመምረጥ ዕድል ካገኛችሁ አታመንቱ። የመምህራን ሥልጠና የምታዘጋጁም ብትጋብዟቸው ታተርፋላችሁ። የሚያስጽፉት ሪፖርት ግን ረጅም ነው፤ ቅዳሜና እሁዳችሁን አስቀድማችሁ ተሰናበቱ።