የመሬት ኪራይ ግብር ወይስ የምርት ግብር፦ ስንዴን የሚያስወድደው የትኛው ነው?

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዴቪድ ሪካርዶ በ1817 እንዳስረዳው የስንዴን ዋጋ የሚወስነው ለም ማሳ ሳይሆን ኪራይ የማይከፈልበት ደካማ ማሳ ነው። የሁለቱ ግብሮች ልዩነት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሦስት ማሳዎች እንውሰድ። በእያንዳንዱ 360 ፓውንድ ወጪ ሆኖ (የተለመደው ትርፍ ተካቶ) 120፣ 100 እና 90 ኩንታል ይገኛል እንበል። የመጨረሻው ማሳ ወጪውን የሚመልሰው ኩንታሉ 4 ፓውንድ ሲሸጥ ነው። ኪራዩም (ከሽያጩ ወጪው ተቀንሶ ለባለመሬቱ የሚተርፈው) በቅደም ተከተል 120፣ 40 እና ዜሮ ይሆናል።

የኪራይ ግብር፦ 25 በመቶ ቢጣል ባለመሬቶቹ 30 እና 10 ፓውንድ ይከፍላሉ። ሦስተኛውን ማሳ አይነካም፤ ዋጋው 4 ላይ ይቆያል።

የምርት ግብር፦ በኩንታል ግማሽ ፓውንድ ቢጣል ሦስተኛው ማሳም 45 ፓውንድ ይከፍላል። ዋጋው 4.50 ካልደረሰ አራሹ ማሳውን ጥሎ ይሄዳል። የመጀመሪያው ለም ማሳ ባለቤት ግን የ120 ፓውንድ ኪራዩን እንደያዘ ነው፤ ከፋዩ ሸማቹ ነው። ከሪካርዶ በፊት የነበረው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አዳም ስሚዝ ይህን ግብር ባለመሬቱ ይሸከመዋል ማለቱ ስህተት ይመስለኛል። ዳቦ ሲወደድ ደመወዝም መጨመሩ አይቀርም፤ ያኔ የአሠሪው ትርፍ ይቀንሳል።

አሰባሰቡ፦ ምርት አውድማ ላይ ይሰፈራል። ኪራይ ግን ባለመሬቱ ለጎተራና ለአጥር ካወጣው ገንዘብ መለየት አለበት፤ ሳይለይ ከተቀረጠ ግንባታው ይቆማል፣ እህሉም ይወደዳል።

የኪራይ ውል ተጽፎ በሚያዝበት አገር የኪራይ ግብር ይመረጣል፤ ውል በሌለበት፣ ገቢም በአስቸኳይ ሲፈለግ፣ የምርት ግብር።